ነፋሱ የጠፋ ዕለት

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዓርብ ማታ። ፋሲካ ካለፈ ገና አምስት ቀኑ ነው። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ስልኬን እነካካለሁ፤ ቴሌግራም ላይ ሰው ሁሉ የሰማይ ፎቶ ይለጥፋል። ሮዝ ሰማይ፣ አረንጓዴ ሰማይ፣ ደም የመሰለ ሰማይ። ጀርመን የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ከበረንዳው ያነሳውን ላከልኝ፤ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ሐምራዊ መጋረጃ የተሰቀለ ይመስላል። «አንተ ጋስ?» አለኝ። ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ደመና፣ የጎረቤት ውሻ፣ የኮንዶሚኒየሙ መብራት።

«እኛ ጋ ምንም የለም» ብዬ መለስኩለት።

ምንም የለም። ይቺን ነገር በዚያ ማታ ሁለት ጊዜ ነው ያልኳት። ሁለቱንም ጊዜ ተሳስቼ ነበር። የአንደኛውን ስህተት ሰኞ ጠዋት አወቅኩት። የሌላኛው ግን ወራት ፈጀብኝ።

ሁለተኛውን «ምንም የለም» ያልኩት ለራሴ ነው። ከመተኛቴ በፊት እንደ ልማዴ ላፕቶፔን ከፍቼ የሥራ ዳሽቦርዳችንን አየሁ። የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። የተማርኩት ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው፤ የምሠራው ግን ኮድ መጻፍ ነው። ያኔ የምንሠራው ነገር የክትባት ማቀዝቀዣዎችን ከሩቅ የሚከታተል ሲስተም ነበር። በየጤና ጣቢያው ያለ ፍሪጅ ላይ ትንሽ መሣሪያ ይገጠማል፤ መሣሪያው በየአሥር ደቂቃው ሙቀቱን ለክቶ በሞባይል ኔትወርክ ይልካል። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። ስለዚህ የጻፍኩት ሕግ ቀላል ነበር፦ ከ8 ካለፈ ጩህ፣ ከ2 ከወረደ ጩህ። በመሀል ከሆነ አረንጓዴ አሳይ።

በዚያ ማታ ሁሉም አረንጓዴ ነበር። አንዷ ጣቢያ 4.6 ትላለች። በጣም ጥሩ ቁጥር ነው። ላፕቶፑን ዘግቼ ተኛሁ።

* * *

ሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለ። የጣቢያዋ ኃላፊ ናቸው፤ ሁላችንም «ሲስተር» ነው የምንላቸው፣ እናቴን በዕድሜ የሚበልጡ ነርስ።

«ልጄ፣ እናንተ ስክሪን ላይ እንዴት ነው?» አሉኝ።

አየሁት። «4.6 ነው ሲስተር። አረንጓዴ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ፦ «እኛ ጋ ፍሪጁ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው።»

ዓርብ ማታ ዝናብና መብረቅ ነበር። መብራት ሄደ። ሲመለስ የፍሪጁ ክፍል ብሬከር ወድቆ ቀረ። ቅዳሜና እሁድ ያንን ክፍል የከፈተ ሰው አልነበረም። የእኛም መሣሪያ የተሰካው እዚያው ሶኬት ላይ ነው፤ መጠባበቂያ ባትሪው ደግሞ ከወራት በፊት ሞቷል። ስለዚህ መሣሪያው አልጮኸም። በቃ ዝም አለ። የእኔ ኮድ ዝም ላለ መሣሪያ ያደረገው ነገር ምን መሰላችሁ? የመጨረሻውን ቁጥር፣ 4.6ን፣ ይዞ በአረንጓዴ አስቀመጠው። ሦስት ቀን ሙሉ።

ይህ የረሳሁት ነገር ቢሆን ኖሮ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁትም። መጀመሪያ ላይ «መሣሪያው ከጠፋ አሳውቅ» የሚል ሕግ ነበረን። ኔትወርክ በየሰዓቱ ስለሚቆራረጥ ግን ስልካችን ሌሊቱን ሙሉ ይጮህ ነበር፤ ሁሉም ሰው ተማረረ። እኔ ነኝ ሕጉን ያጠፋሁት። ያጠፋሁበት ቀንና ያኔ የጻፍኩት አጭር ማብራሪያ እስከ ዛሬ የኮዱ ታሪክ ውስጥ አለ፦ «ጫጫታ ለመቀነስ።»

ሰኞ በዚያ ጣቢያ የክትባት ቀን ነው። ሲስተር አሥራ አራት እናቶችን ሕፃናቶቻቸውን እንደታቀፉ መለሱ። አንዷ መንታ ይዛ ሁለት ሰዓት ተጉዛ ነው የመጣችው። አዲስ ክትባት የደረሰው ሐሙስ ሲሆን ሁለቱ እናቶች ግን ተመልሰው አልመጡም፤ ሲስተር ቤታቸው ድረስ ሰው ልከው ነው ያስመጧቸው።

በስልክ «ግን ክትባቱ መበላሸቱን እርግጠኛ ነዎት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ሲስተር ግን አልተቆጡም። ብልቃጡ ላይ ስለምትታተም ትንሽ ክብ ነገሩኝ፤ መሀሏ ላይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን አለ፣ ሙቀት ሲነካው እየጠቆረ ይሄዳል። አንዴ ከጠቆረ ፍሪጁ ተመልሶ ቢቀዘቅዝም አይነጣም። ክቡን ካከለ ብልቃጡ ይጣላል። «የእኛዎቹ ከክቡ በልጠው ጠቁረዋል» አሉ። ያቺ የቀለም ነጥብ ባትሪ የላትም፣ ኔትወርክ የላትም፣ እኔ የጻፍኩት ኮድም የለባትም። ግን ያየችውን አልረሳችም።

* * *

አሁን የሚያሳፍረውን ክፍል ልናገር።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ስብሰባ ነበር። ምን ተፈጠረ ተባልኩ። እኔም አፌ ላይ የመጣልኝን «ዓርብ ማታ ትልቅ የፀሐይ ማዕበል ነበር፤ ከእሱ ጋር ሊያያዝ ይችላል» አልኩ። የሚገርመው ሰዓቱ ይገጥማል። ማዕበሉ ምድርን የመታው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ገደማ ነው። የእኛ መሣሪያ የመጨረሻ መልእክቱን የላከው 2 ሰዓት ከ41 ላይ ነው። አለቃዬ አየችኝ። «እሺ፣ አጣራና ንገረን» አለች።

አጣራሁ። ሰበቤ ለመሞት አሥር ደቂቃ እንኳን አልፈጀበትም። የሌሎቹ ጣቢያዎች መሣሪያዎች በሙሉ ሌሊቱን በሰላም ሲልኩ ነው ያደሩት። የፀሐይ ማዕበል አንድ ብሬከር መርጦ አይጥልም። እሱ የሚያሰጋው ረጃጅም የኤሌክትሪክ መስመሮችን፣ ሳተላይቶችን፣ የጂፒኤስና የሬዲዮ ሞገዶችን ነው፤ መስመሮቹም ቢሆኑ ይበልጥ የሚጎዱት ወደ ዋልታዎች ቀረብ ያሉት ናቸው። ይህን ጽፌ ላክሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ሕግ መሆኑንም ጨመርኩ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ሰበብ ፍለጋ የጀመርኩት ንባብ አልለቅ አለኝ።

ፀሐይ ከብርሃን ሌላ ነፋስም ትለቃለች። ነፋሱ አየር አይደለም፤ በአብዛኛው ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ነው፣ የፀሐይን መግነጢሳዊ መስክ ጎትቶ ይዞ ይወጣል። በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነፍሳል፣ መቼም አያቆምም። ግን በጣም ስስ ነው። ምድር አጠገብ ሲደርስ በአንድ ስኳር ኩብ በሚያክል ቦታ ውስጥ አምስት ወይም አሥር ቅንጣት ቢገኝ ነው። የምንተነፍሰው አየር እዚያው ቦታ ውስጥ ከአሥር ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ሞለኪውል ይይዛል።

ይህ ስስ ነፋስ ነው እንግዲህ የምድርን ማግኔቶስፌር ቅርጽ የሚሰጠው። ማግኔቶስፌር ማለት የምድር መግነጢሳዊ መስክ ነፋሱን ገፍቶ የያዘው ግዛት ነው። ነፋሱ ከፀሐይ በኩል ይጫነዋል፣ መስኩ ይመልሰዋል፤ ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ቦታ ድንበር ይሆናል። በተለመደ ቀን ድንበሩ ከምድር መሀል ወደ 65 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው የሚገኘው። ከኋላ በኩል ደግሞ ነፋሱ ጎትቶ ረጅም ጭራ ይሠራለታል። እኔ ሁልጊዜ እንደ ግድግዳ ነበር የማስበው፤ ለካ ገመድ ጉተታ ነው።

በዚያ ዓርብ ማታ ነፋሱ አሸነፈ። ከአንድ ትልቅ የፀሐይ ጥቁር ነጥብ አካባቢ ተከታትለው የተወረወሩ የፕላዝማ ጎርፎች መንገድ ላይ ተደራርበው ደረሱ። ድንበሩ ተጨፍልቆ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚገኘው የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ምህዋር ውስጥ ገባ። የአሜሪካ የሕዋ አየር ጠባይ ትንበያ ማዕከል ማዕበሉን የመጨረሻው እርከን ላይ አስቀመጠው፤ ከጥቅምት 2003 (እንደ ፈረንጆች) ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ጭራው ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል ኤሌክትሮኖችን ወደ ከባቢ አየር ወረወረ፤ ኦክስጅን ወደ መቶ ኪሎ ሜትር አካባቢ አረንጓዴ፣ ከሁለት መቶ በላይ ደግሞ ቀይ አበራ። አውሮራው ሜክሲኮ ድረስ፣ ሕንድ ውስጥ ላዳክ ድረስ ታየ።

ይህን ሁሉ እያነበብኩ ነው አንድ ቀን ዓይኔ ላይ የወደቀው። ማዕበሉ የመጣው እንደ ፈረንጆች በሜይ 10፣ 2024 ነው። ልክ ከ25 ዓመት በፊት፣ በዚያው ቀን፣ ሜይ 10፣ 1999፣ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። በዚያ ቀን ነፋሱ ጠፋ።

* * *

እኔ ያኔ ገና አንድ ዓመቴ ነበር። ግንቦት 2 ቀን 1991 ዓ.ም.።

ከምድር ወደ ፀሐይ አቅጣጫ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ኤሲኢ የምትባል የናሳ መንኮራኩር ቆማለች፤ ሥራዋ የሚመጣውን ነፋስ ከምድር በፊት መቅመስ ነው። ዊንድ የምትባል ሌላም አለች። በዚያ ቀን የቅንጣቶቹ ብዛት መውረድ ጀመረ። ወረደ፣ ወረደ፣ በማግስቱ በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ ከ0.2 በታች ደረሰ። ከተለመደው 98 በመቶው የለም። ሁኔታው እስከ ሜይ 12 ድረስ ቆየ።

እዚህ ቁጥር ላይ ስደርስ የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን ነበር? «ሴንሰሩ ተበላሽቷል።» በሐቀኝነት ነው የምላችሁ። የእኔ ኮድ ቢሆን ያንን ቁጥር እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ጥሎት፣ «5» የሚለውን የመጨረሻ ቁጥር በአረንጓዴ ይዞ ይቆይ ነበር። ማንም ምንም አያውቅም።

ግን ያየው አንድ መሣሪያ ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ፣ የሩሲያና የጃፓን መንኮራኩሮች ከተለያየ ቦታ አንድ ነገር አዩ። ነፋሱ ሲከዳ ማግኔቶስፌሩ አበጠ። ነፋሱ መጀመሪያ የሚጋጭበት የፊት ድንበር እስከ ጨረቃ ምህዋር አካባቢ ሄደ፤ በዚያን ጊዜ በሳተላይት ከተመዘገቡት ሁሉ የራቀው ነበር። ናሳ ማግኔቶስፌሩ ከተለመደው ከ5 እስከ 6 እጥፍ አበጠ ብሎ አወጀ።

ይህ ቁጥር ኢንጂነርነቴን ቀሰቀሰው፤ ወረቀት አወጣሁ። የምድር መስክ ከርቀት ጋር በጣም በፍጥነት ይዳከማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መስኩ ወደ አንድ ስምንተኛ፣ የሚገፋበት ኃይል ደግሞ ወደ አንድ ስልሳ አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ድንበሩን በእጥፍ ለማራቅ የነፋሱ ግፊት 64 ጊዜ ማነስ አለበት። ግፊቱ በግማሽ ቢቀንስ ድንበሩ ብዙም ንቅንቅ አይልም፤ አሥራ ሁለት በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚርቀው። በሌላ በኩል ርቀቱ እጥፍ ከሆነ ግዛቱ በይዘት ስምንት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ማግኔቶስፌር ግትር ነገር ነው፤ በትንሽ ለውጥ አይነቃነቅም። እሱን በዚህን ያህል ለማሳበጥ ነፋሱ መቀነስ ሳይሆን ሊጠፋ ጥቂት መቅረት አለበት።

መሬት ላይ ያሉት የማግኔት መለኪያዎች በዚያ ቀን ጸጥ ብለው ነበር። ማንም የሰማይ ፎቶ አልላከም። ግን ከሰሜን ዋልታ በላይ፣ የፖላር መንኮራኩር የኤክስሬይ ካሜራ ከላይ ሆኖ ሲያይ፣ መላው የዋልታ ሰማይ በርቶ ነበር።

* * *

ይህን ነገር ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል፤ በቀላሉ ልሞክረው።

የምናውቀው አውሮራ በቀጥታ ከፀሐይ የመጣ አይደለም። ኃይሉ መጀመሪያ ማግኔቶስፌሩ ጭራ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ለዚያ ነው የሚወዛወዘው፣ የሚደንሰው፣ እንደ መጋረጃ የሚታጠፈው። ነገር ግን የፀሐይ አክሊል፣ ኮሮናዋ፣ ሁልጊዜ ፈጣን ኤሌክትሮኖችን በመግነጢሳዊ መስመሮቿ ላይ ወደ ውጭ ትልካለች። በተለመደ ቀን እነዚህ መንገድ ላይ በነፋሱ ግርግር ውስጥ ይበተናሉ። መርካቶ ውስጥ በቀጥታ ለመሄድ እንደመሞከር ነው፤ አቅጣጫህን ይዘህ ገብተህ በሌላ በኩል ነው የምትወጣው። ነፋሱ ሲጠፋ ግን መንገዱ ባዶ ይሆናል። ኤሌክትሮኖቹ ሳይነኩ ከፀሐይ ተነስተው እስከ ዋልታ ይደርሳሉ፣ እንደ ዝናብ ይወርዳሉ። ስሙም «የዋልታ ዝናብ» ነው። ዶን ፌርፊልድና ጃክ ስከደር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህ ዝናብ በቀጥታ የፀሐይ አክሊል ኤሌክትሮን ነው ብለው የጻፉት በ1985 ነው። የ1999ኙ ጸጥታ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ያንን ሐሳብ የሚፈትን ቀን ሆኖ መጣ፤ ሐሳቡም ቆመ።

ይህ ብርሃን ከመሬት ላይ በካሜራ የታየበት ጊዜ ደግሞ ሩቅ አይደለም። በፈረንጆች ገና፣ ዲሴምበር 25፣ 2022፣ (ታኅሣሥ 16 ቀን 2015 ዓ.ም.) ነፋሱ እንደገና ከዳ፤ ጸጥታው ከአንድ ቀን በላይ ቆየ። በስቫልባርድ፣ ሎንግየርቢየን የምትባል ከተማ ያለ ሰማይን ሙሉ የሚያይ ካሜራ አረንጓዴ ብርሃን ቀረጸ። መጋረጃ የለውም፣ አይደንስም። ለስላሳ፣ እኩል፣ ሰማዩን የሞላ ብርሃን ነው። አንድ ሰው ቀና ብሎ ቢያየው ስስ ደመና ነው ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። የጃፓን ተመራማሪዎች የሚመሩት ቡድን ፎቶዎቹን ከሳተላይት መረጃ ጋር አስተያይቶ የዋልታ ዝናብ መሆኑን ያሳወቀው በ2024 ነው፤ የእኔ ፍሪጅ ከሞተ ከአንድ ወር በኋላ።

ያው ባዶ ቦታ በማግስቱ ማርስ ደረሰ። ምን እንደፈጠረውም ይታወቃል፤ ፈጣን ነፋስ ከፊቱ ያለውን ዘገምተኛ ነፋስ ደርሶ እንደ መጥረጊያ ሲገፋው ከኋላው ባዶ ይቀራል። ቀለበት መንገድ ላይ አንድ የሚበር መኪና ሁሉንም ከፊቱ ሰብስቦ ሲነዳ ከኋላው አስፋልቱ ለትንሽ ጊዜ ባዶ እንደሚሆነው ማለት ነው። ማርስን የምትዞረው የናሳዋ ሜቨን በዚያ ቀን የነፋሱ ብዛት ወደ አንድ መቶኛ ሲወርድ አየች። ማርስ እንደ ምድር ሙሉ መግነጢሳዊ መስክ የላትም፤ ከጥንት የቀራት ቅርፊቷ ውስጥ የታተመ ቁራጭ መስክ ነው። ስለዚህ ዘወትር ነፋሱ ከባቢ አየሯ ድረስ ገብቶ ይጫናታል፣ አየሯንም በጥቂት በጥቂቱ ይወስዳል። በዚያ ቀን ጫናው ሲነሳ ማግኔቶስፌሯ በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተነፋ፤ መጠኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ።

አንድ ፕላኔት ምን ያህል ተጭኖ እንደሚኖር የታወቀው ጫናው ለአንድ ቀን ሲነሳለት ነው። ማዕበልማ ራሱን ይናገራል፤ ፎቶ አለው፣ ቴሌግራም አለው። ጸጥታ ግን የሚለካው ሰው ከሌለ እንዳልነበረ ይሆናል። ጸጥታው ደግሞ ዝም ብሎ አላለፈም፤ ከ1999ኙ ቀን በኋላ የምድር ውጫዊ የኤሌክትሮን ጨረር ቀበቶ ሳስቶ ለወራት ሳይሞላ ቆይቷል። ያቺ የጠቆረች አራት ማዕዘን ትዝ አለችኝ።

* * *

የመጀመሪያው «ምንም የለም» ይቀረኛል። ለጀርመኑ ጓደኛዬ ያልኩት።

አዲስ አበባ አውሮራ አይታይም፤ ይህ እውነት ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ ኢትዮጵያ ላይ ነው የሚያልፈው፣ ለአዲስ አበባም በጣም ቅርብ ነው። ሰሜን ዋልታ ላይ የማግኔት መርፌ ቀጥ ብላ መሬቱን ትወጋለች፤ እኛ ጋ ጋደም ትላለች። ከአውሮራ ሰማይ ከዚህ በላይ መራቅ አይቻልም። ግን በዚህ የተነሳ የራሳችን የሆነ ነገር አለን፦ በየቀኑ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ከራሳችን በላይ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወገቡን ተከትሎ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የማግኔት መለኪያ ጣቢያ የተቋቋመው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በ1957–58 አካባቢ ነው። ያ ወገብ በብዙ አገር የሚገኝ ነገር ስላልሆነ ዓለም የእኛን ቁጥር ይፈልገዋል። በታክሲ ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ፤ አንድም ቀን አላውቅም ነበር።

በዚያ ዓርብ ሌሊት መስኮቴን ከፍቼ ደመና ሳይ፣ ከምድር ወገብ በላይ በሩቅ የሚዞረው የማዕበሉ የቅንጣት ቀለበት አብጦ መግነጢሳዊ መስኩን እያዳከመ ነበር። ይህ ውጤት ከዋልታ ይልቅ በዝቅተኛ ኬክሮስ ነው ጎልቶ የሚለካው። የዓለም አማካይ ውጤቱ ከ400 ናኖቴስላ በላይ ወረደ። አዲስ አበባ ላይ የምድር መስክ በጠቅላላው ወደ 36 ሺህ ናኖቴስላ ነው። ከመቶ አንድ እጅ በላይ ማለት ነው። እኔ መስኮት ላይ ቆሜ «ምንም የለም» ስል የቆምኩበት መስክ ራሱ እየተነቀነቀ ነበር።

ለጓደኛዬ ይህን ከወራት በኋላ ጻፍኩለት። «እኛም ጋ ነበር ለካ» አልኩት። «ሌሊቱን ተነስተህ ነው ያሰብከው?» ብሎ ሳቀብኝ።

* * *

ሥራ ላይ ያደረግነው ነገር ትንሽ ነው። «መሣሪያው ዝም ካለ አሳውቅ» የሚለውን ሕግ መለስኩት፤ ኔትወርክ ለአሥር ደቂቃ ሲቆራረጥ እንዳይጮህ አድርጌ፣ ሁለት ሰዓት ካለፈ ግን ሰው እንዲያስነሳ። ስልካችን አሁንም በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት ይጮሃል። አብዛኛውን ጊዜ ኔትወርክ ነው። ሁላችንም እንማረራለን። አላጠፋሁትም።

ሁለተኛውን ነገር የወሰድኩት ከነፋሱ ግራፍ ነው። አሁን ሌሊት ስነሳ የነፋሱን የቀጥታ መረጃ የማየት ልማድ አለብኝ። እዚያ ግራፍ ላይ ቁጥሩ በጣም ሲወርድ መስመሩ ወደ ታች ይሄዳል። መረጃው ሳይመጣ ሲቀር ግን መስመሩ ይቋረጣል፤ ከግራና ከቀኝ ያለውን ማንም አይቀጥለውም፣ ባዶው ባዶ ሆኖ ይቀራል። «ትንሽ ነው» እና «አልሰማንም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእኔ ዳሽቦርድ ሁለቱንም አረንጓዴ ቀብቷቸው ነበር። አሁን መሣሪያ ዝም ሲል ቁጥሩ ይጠፋል፣ አረንጓዴው ይጠፋል፣ መስመሩ ይቆረጣል።

አዲሱ ስክሪን ወደ ጣቢያዎቹ የሄደ ሳምንት ሲስተር ደወሉልኝ። ልቤ ደነገጠ፤ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ስልካቸውን ሳይ ሁልጊዜ ይደነግጣል።

«ልጄ፣ ግራፉ ላይ ባዶ ቦታ አለ፤ ተበላሽቶ ነው?»

«አይደለም ሲስተር። ከመሣሪያው አልሰማንም ማለት ነው። ፍሪጁ ደህና ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። እኔ አላውቅም።»

«አላውቅም ነው የሚለው?»

«አዎ። አላውቅም ነው የሚለው።»

«እሺ» አሉ። ወንበር ሲገፋ፣ ከዚያ የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ። «ቆይ፣ ሄጄ ልየው።»